ሁሉ ነገር ሲፈርስ እግዚአብሔርን እንዴት ልመን?

ሥራ ከእጅ ወጥቷል። ወይ ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት አይቶ ዝም ብሏል። ወይ ትዳር ፈርሷል፣ ወይ ስንት ዓመት አረብ አገር ተለፍቶ የተላከ ገንዘብ አገር ቤት ሲደርሱ የለም። ወይ ደግሞ ትናንት እራት ላይ የነበረ ሰው ዛሬ የለም። ይሄን የምታነቡት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ ረጅም ስብከት ለመስማት አቅም እንደሌላችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ምን ማድረግ እንደሚቻል ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ብዙዎቻችን በእግዚአብሔር መታመን ማለት አለመፍራት፣ አለማልቀስ፣ «ተመስገን» ብሎ ፈገግ ማለት ይመስለናል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ኤርምያስም እንዲሁ። ዳዊት አልጋውን በእንባ አርሷል። ተናደውም፣ ግራ ገብቷቸውም፣ ተስፋ ቆርጠውም የሚያወሩት ግን ከእሱ ጋር ነው። ጩኸታቸውን ይዘው ወደ ሌላ አልሄዱም። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ማመን» ስል ይሄንኑ ነው የምለው።

መጀመሪያ ብሉ፣ ተኙ

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ክፈቱ። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው፤ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ግን ነፍሱን ይዞ ሸሸ። አንድ ቀን ሙሉ በምድረ በዳ ሄዶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እምነትህ የት ሄደ አላለውም። መልአክ ልኮ ራስጌው ላይ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አስቀመጠለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ሲቀሰቅሰውም ያው «ብላ» ነው ያለው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ላይ ነው።

እናንተም ለጊዜው «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ካልቻላችሁ አትንኩት። አያመልጥም፣ ቆይቶም ይደርሳል። አሁን አጥሚትም ይሁን ሾርባ የሚወርድላችሁን ቅመሱ፣ እንቅልፍ ባይመጣም ጋደም በሉ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። በእነዚህ ቀናት የማይመለስ ውሳኔ አትወስኑ፤ ቤት መሸጥ፣ የፍቺ ወረቀት ላይ መፈረም፣ ፌስቡክ ላይ የሆዳችሁን ሁሉ መዘርገፍ ይቆይ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ መከራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ደረቅ ጾም መያዝ ነው። ጾም ጥሩ ነው፣ አልከራከርም፣ ግን ለቀናት እህል ያልቀመሰና ያልተኛ ሰው ላይ ሌላ ጾም መጨመር ኤልያስን ከዛፉ ሥር ቀስቅሶ ተራራ ውጣ እንደ ማለት ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁና የአዋጅ ጾም ውስጥ ታማችሁ ወይም ተዳክማችሁ ከሆነ ራሳችሁ አትወስኑ፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ለታመመ ሰው የሚሉት ነገር አላቸው።

ጸሎት ሲያቅት

ተንበርክካችሁ ምንም ቃል ካልመጣ የሌላ ሰው ቃል ተዋሱ። መዝሙር 13ን (በግዕዙ ዳዊት 12ን) አንብቡ፤ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ደግሞ 88ኛው አለ፣ በግዕዙ 87ኛው። እሱ መጽናኛ እንኳን የለውም። «ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ» እያለ ሄዶ እዚያው ላይ ያበቃል። ይሄ ጸሎት ከመጽሐፉ አልተቆረጠም። እናቶቻችን ዳዊት ሲደግሙ ሰባት ቀን ተከፍሎ ነውና በየሳምንቱ ያልፉበታል፣ ደስ ባላቸውም ሳምንት ጭምር። እኔ ይሄን ሳስብ ይገርመኛል። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ገና ሳይከፋቸው የሐዘንን ቋንቋ ታስተምራቸዋለች ማለት ነው።

ዳዊቱን ካነበባችሁ በኋላ የራሳችሁን ጻፉ። ወረቀት ላይም ይሁን ስልካችሁ ላይ፣ አራት መስመር ይበቃል። በመጀመሪያው ስሙን ጥሩት። በሁለተኛው የሚሰማችሁን ሳታሽሞነሙኑ ንገሩት። በሦስተኛው የምትፈልጉትን በግልጽ ጠይቁ፣ በደፈናው «ባርከኝ» ብላችሁ አትለፉት። በመጨረሻው እዚያው እንዳላችሁ ንገሩት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጌታ ሆይ። ተናድጃለሁ፣ ደግሞም ፈርቻለሁ፣ ልጆቹን ይዤ የት እንደምገባ አላውቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ የቤት ኪራይ እፈልጋለሁ። እዚሁ ነኝ፣ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

የመጨረሻዋ መስመር የጴጥሮስ ናት ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ኢየሱስን ትቶ ሲሄድና «እናንተስ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ወደ ማን እንሄዳለን?» አለ። ሁሉ ነገር ገብቶኛል አላለም። ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባትም ልጁ እየተንፈራገጠበት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው፣ ልጁም ዳነለት። ግማሽ እምነት ይዞ የመጣን ሰው ኢየሱስ «ሞልተህ ና» ብሎ አልመለሰውም።

ሪያድ ወይም ጅዳ በሰው ቤት ሆናችሁ ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር አጠገባችሁ የሌለ ደግሞ አላችሁ። ማድ ቤት ቆማችሁ፣ ዕቃ እያጠባችሁ በልባችሁ የምትሉት «እግዚኦ» ጸሎት ነው። ሐና በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ሰምቷታል።

«ለበጎ ነው» የሚሏችሁ ሰዎች

ይመጣሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው ገና ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ «ለበጎ ነው» ይላሉ። አትቀየሟቸው፣ የሚሉት ስለጠፋቸው ነው። ግን ቃሉን እንዳለ እንድትውጡት አልመክራችሁም። ቃሉ ሮሜ 8፥28 ላይ አለ፣ እውነት ነው። ያንኑ ምዕራፍ ከጥቂት ቁጥሮች በፊት ካነበባችሁት ግን ፍጥረት ይቃትታል፣ እኛም እንቃትታለን፣ መንፈስ ቅዱስም በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። «ለበጎ» የሚለው የመጣው ከዚያ ሁሉ መቃተት በኋላ ነው። የጻፈውም የተደበደበ፣ የታሰረ፣ መርከብ የተሰበረበት ጳውሎስ ነው። ሰው ስለ ራሱ ቁስል ቆይቶ የሚለው ነገር ነው እንጂ ጎረቤት በሦስተኛው ቀን የሚለጥፍበት ፕላስተር አይደለም።

ታክሲ ላይ የሚለጠፈው ኤርምያስ 29፥11ም እንደዚሁ ነው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የተባለው ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፣ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ብትሉ ደግሞ ጊዜው 70 ዓመት ተብሎ ተቀምጧል። በዚያን ሰሞን ሐናንያ የሚባል ነቢይ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ሰበከ። ሕዝቡ ደስ እንደሚለው መቼም ግልጽ ነው። ኤርምያስ ግን ምርኮኞቹን ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክላችሁ ብሉ አላቸው። ትክክለኛው ኤርምያስ ነበር። ስለዚህ በዚህ ወር ነገርህ ይገለበጣል፣ ብቻ ይሄን ያህል ብር በዚህ አካውንት አስገባ የሚል «ነቢይ» ስልክ ከደወለላችሁ ስልኩን ዝጉት። የተቸገረን ሰው የሚያልብ አገልግሎት ምን ያህል ተአምር ቢያወራ አልወድለትም፣ እዚህ ላይ መሐል ሰፋሪ መሆን አልችልም።

ሌላው ደግሞ «ምን ኃጢአት ሠርተህ ነው?» የሚለው አለ፣ ወይም መተት ነው፣ የዘር እርግማን ነው የሚለው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን በደለ ብለው ጠይቀዋል፤ ኢየሱስ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ነው የመለሰው። ንስሐ የምትገቡበት የታወቀ ነገር ካለ ግቡ። ከሌለ ግን ጥፋት ፍለጋ ሕይወታችሁን ስትበረብሩ አትደሩ። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች የሚመሰገኑበት አንድ ነገር አላቸው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ገመናችሁን ለሁለት ሰው አውጡት

የእኛ አገር ሰው ለሞት ጎበዝ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ማንም ሳይጠራው ይመጣል። ሥራ ሲጠፋ ግን ድንኳን አይተከልም። ትዳር ሲፈርስ፣ ልጅ ሱስ ውስጥ ሲገባ፣ ዕዳ ሲበዛ እድር አይጠራም። እኛም ገመናችን እንዳይወጣ በር ዘግተን እንቀመጥና ማንም አልመጣልኝም ብለን እግዚአብሔርን እናማዋለን። ሰው አያውቅምኮ!

ኤርምያስን ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉት (ምዕራፍ 38) ውኃ የሌለው ጭቃ ነበር፣ እዚያ ውስጥ ገባ። ማን አወጣው? በንጉሡ ቤት ይሠራ የነበረ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ አቤሜሌክ። ንጉሡ ፊት ቀርቦ ተናገረለት፣ 30 ሰው ተፈቀደለት። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። ከግምጃ ቤት ሥር አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ፈልጎ በገመድ አወረደለትና «ብብትህ ሥር አድርገው» አለው፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው። አንድ ነቢይ ከሞት የወጣው በእራፊ ጨርቅ ነው። ኤርምያስም ጨርቁን ተቀብሎ ብብቱ ሥር አደረገ። አልፈልግም፣ እግዚአብሔር ራሱ ያወጣኛል አላለም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሰው ምረጡ። ወሬ የማያዛምት ይሁን፣ ደግሞ የሚመክር ብቻ ሳይሆን የሚመጣ። አንዱ የንስሐ አባት ወይም ፓስተር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሌላኛው ግን እኩያ ይሁን። «ጸልዩልኝ» ብላችሁ አትተዉት። «ከሥራ ወጥቻለሁ፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የለኝም፣ ረቡዕ መጥተህ አብረን እናስብ» በሉ። እንዲህ ሲባል ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

እግረ መንገዴን፣ የሚረዳው ሰው እናንተ ከሆናችሁ አንድ ሰፈራችን ያሉ እናት የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ችግር መግባቱን ሲሰሙ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ሠርተው ይመጣሉ። አይገቡም። በር ላይ ሰጥተው «ድስቱን ነገ እወስደዋለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ነገ እንደገና ለመምጣት ምክንያት ያገኙት ያኔውኑ ነው፤ የቤቱም ሰው ድስቱን ለማጠብ ከአልጋው ይነሳል።

ባያድነንስ?

ይሄ ክፍል ከባዱ ነው፣ አልሸሸውም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁሉቢ ገብርኤል የሚሄደው ሕዝብ ስለቱን ይዞ ነው የሚሄደው። የዕለቱ ታሪክ የሠለስቱ ደቂቅ፣ የሦስቱ ልጆች ነው፤ ከእቶኑ እሳት እንዴት እንደዳኑ ያልሰማ የለም። ሦስቱ ልጆች ግን እሳቱ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ለንጉሡ ያሉት ሁለት ነገር ነው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ያድነናልም አሉ። ቀጥለው ደግሞ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ብዙ ጊዜ የምንሰማው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ለማለት ግን ከእሳቱ በኋላ ምን እንደሚሆን ማወቅ አላስፈለጋቸውም።

ያልዳኑም አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በደርግ ሰዎች ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በፊት ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፣ ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ነው የቀሩት። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ ተገድለዋል። ለእነዚህ ሰዎች የጸለየ አልነበረም ብዬ አላስብም፣ እምነታቸው አንሶ ነውም የሚል ካለ አፉን ይያዝ። ኢየሱስ ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል፤ ያውም ያንኑ ቃል ደጋግሞ። አላለፈለትም።

ይሄ ምን ያግዛል? ለእኔ የሚያግዘው እንዲህ ነው። ጸሎቴ እንደፈለግሁት ካልተመለሰ ተጥያለሁ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ብሎ የጮኸው የገዛ ልጁ ነው። ስለዚህ ስለት ስትሳሉ ወይም ስትጸልዩ የምትፈልጉትን ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ፈውስ ከሆነ ፈውስ በሉ። ከዚያ በታች የሦስቱን ልጆች ዓረፍተ ነገር ጻፉበት፤ ዛሬ ከልባችሁ ማለት ካልቻላችሁ ግን ቦታውን ክፍት ተዉት። ያላመናችሁበትን ነገር እንድትሉት ማንም አያስገድዳችሁም።

የዛሬን ብቻ

መና ለነገ ሲቀመጥ ይተላ ነበር። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» የምንለውም ለዛሬ ነው፣ ለመጪው ዓመት ጤፍ አይደለም። ጠዋት ስትነሱ ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ዛሬ በእጄ ያለ ነገር፦ ለአከራዩ መደወል፣ የሥራ ማመልከቻ ማስገባት፣ መድኃኒት መውሰድ፣ ልጅን ማጠብ። በሌላው በኩል በእጄ የሌለ፦ አከራዩ ምን ይላል፣ ውጤቱ ምን ይሆናል፣ ሄዳ ትመለሳለች ወይ። ሁለተኛውን አንድ በአንድ ጮክ ብላችሁ ለእግዚአብሔር አንብቡለትና ወረቀቱን እጠፉት። የመጀመሪያውን ሥሩት። ማታ ካልተሠራው ውስጥ ሁለት ሦስቱ ለነገ ይሻገራል፣ ምንም ማለት አይደለም።

ሐኪም ጋ መሄድም በመጀመሪያው በኩል ይግባ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁን ግን አታቋርጡ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ምንም ነገር ደስ ማሰኘት ካቆመ ይሄም የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ አስቦ ይሸማቀቃል፤ ሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣሉ፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ራሳችሁን የማጥፋት ሐሳብ እየመጣባችሁ ከሆነ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ፣ ወይም ደውላችሁ አስመጡ፣ ዛሬ ማታ ብቻችሁን አትደሩ። ኤልያስም ሞትን ለምኗል፤ መልአኩ አልተቆጣውም።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲከብድ

ሰው ሁሉ እጁን አንስቶ ሲዘምር የእናንተ ጉሮሮ ይዘጋል። ወይም ቅዳሴው መሐል ላይ እንባ ይመጣና ሰው አየኝ አላየኝ ትላላችሁ። ከኋላ ቁሙ። ከፈለጋችሁ ዘግይታችሁ ግቡ፣ ቀድማችሁ ውጡ። መዘምራኑ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲሉ አፋችሁን ባትከፍቱም ሌላው ሰው ይልላችኋል። ማርቆስ 2 ላይ ያንን ሽባ አራት ሰው ተሸክሞ በጣሪያ አወረደው፤ ኢየሱስም «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው፣ የተሸካሚዎቹን። በሽተኛው አንድ ቃል ሲተነፍስ አልተጻፈም።

ደግሞ ይሄን ዕወቁ፦ ከአርባው በኋላ ስልኩ ይቀንሳል። ለሞት ብቻ አይደለም፣ ለማንኛውም ችግር። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ወደ ኑሮው ይመለሳል። እናንተ ግን ገና እዚያው ናችሁ፣ በጣም የሚከብደውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አሁን፣ ሰው ገና ሳይበተን፣ ከመረጣችኋቸው ሁለት ሰዎች አንዱን ያዙትና ቀጠሮ አስይዙት። በየቅዳሜው ከሰዓት ቡና፣ ለሦስት ወር፣ ስለ ችግሩ ብታወሩም ባታወሩም። ቡናውን እናንተ አፍሉ፣ እሱ ስኳር ይዞ ይምጣ።